ከተጠቃሚ ስልኮች በሚመጣ የቅጽበት መረጃ የሞባይል ኔትወርክ ጥራትን መቆጣጠር፦ ዝርዝር መመሪያ

ዳሽቦርዱ አረንጓዴ ነው፤ ደንበኛው ግን "ኔትወርክ የለም" እያለ ይደውላል። ከስልኮች መረጃ መሰብሰብ የጀመሩ ብዙ ቡድኖች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ዋናው ምክንያት ኔትወርክ የጠፋበት ስልክ መጥፋቱን በዚያው ቅጽበት መናገር አለመቻሉ ነው። በቅጽበት የሚደርሰው መረጃ ደህና ሲግናል ካላቸው ስልኮች ስለሚመጣ ካርታው ከእውነታው ይልቅ ያማረ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ዘግይቶ የሚደርሰውንና ጭራሽ የማይደርሰውን መረጃ እንዲቆጥሩ ተደርገው ተሰናድተዋል። ቁጥሮቹ በዋናነት ለኤልቲኢ (4ጂ) ናቸው፤ 5ጂ የሚለይበት ቦታ በየደረጃው ተጠቅሷል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልጉ

የሴሎች መዝገብ። ለእያንዳንዱ ሴል (አንድ አንቴና የሚሸፍነው አካባቢ) መለያ ቁጥሩ፣ የማማው መገኛ፣ የአንቴናው ከፍታ፣ አቅጣጫውና ዘንበሉ (ቲልት)፣ የሚሠራበት ባንድ (የሞገድ ክልል) ተሟልቶ ይቀመጥ። መዝገቡ ከተሳሳተ ቀጥሎ የሚመጣው ትንተና ሁሉ ይሳሳታል። ለማረጋገጥ ከእያንዳንዱ ሴል ከ‑75 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፤ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይበረታል) በላይ የተለኩ ናሙናዎችን ካርታ ላይ ያስቀምጡ። አብዛኞቹ ከአንቴናው ጀርባ ከወደቁ ወይ የተመዘገበው አቅጣጫ ስህተት ነው፣ ወይ የሁለት ሴክተሮች (በአንድ ማማ ላይ በተለያየ አቅጣጫ የሚሸፍኑ ክፍሎች) ገመድ ተቀያይሮ ተሰክቷል። ይህን ሳያስተካክሉ ወደ ፊት አይሂዱ።

የኔትወርኩ የራሱ ቆጣሪዎች። ቢያንስ የሬዲዮ ሀብት አጠቃቀም መቶኛ (ፒአርቢ)፣ የተገናኙ ተጠቃሚዎች ብዛትና የጣቢያ አላርሞች ያስፈልጋሉ። የስልክ መረጃ ብቻውን መጨናነቅን ከማስተላለፊያ መስመር ችግር አይለይም።

የተጠቃሚ ፈቃድ። ምን እንደሚሰበሰብ፣ ለምን ዓላማና ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ በግልጽ ቋንቋ አሳይተው ፈቃድ ይቀበሉ፤ ፈቃዱን ማንሳትም እንደ መስጠት ቀላል ይሁን።

ለውጥ የማድረግ ሥልጣን ያለው ሰው። ቲልትና ፓራሜትር የሚቀይር መሐንዲስ ከቡድኑ ጋር ካልተቀመጠ ሥራው ካርታ ከማየት አያልፍም።

ደረጃ 1፦ የመረጃ ምንጩን ይምረጡ

ሁለት መንገዶች አሉ፤ ከተቻለ ሁለቱንም ይጠቀሙ።

አንደኛው ኤምዲቲ ነው። የሞባይል ቴክኖሎጂ ደረጃዎችን በሚያወጣው በ3ጂፒፒ፣ በሪሊዝ 10 የተደነገገ ሲሆን ስልኩ ራሱ ለኔትወርኩ ልኬት እንዲያቀርብ ያደርጋል። ሁለት ዓይነት አሠራር አለው፦ ስልኩ ተገናኝቶ እያለ ወዲያው የሚልክበት እና ሥራ ፈት ሆኖ ሳለ መዝግቦ ሲገናኝ የሚያስረክብበት። ብዙዎች የመጀመሪያውን ብቻ ያበራሉ። ሁለተኛውንም ያብሩ፤ የሽፋን ቀዳዳ የሚገኘው በእሱ ነው። ከዚህ ጋር የሬዲዮ ግንኙነት መቋረጥ ሪፖርትንም ያስነቁ።

ሁለተኛው በስልኩ ላይ የሚጫን አፕ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወሰን አለ፦ አይፎን ለተራ አፕ የሲግናል ጥንካሬን የሚያነብበት ይፋዊ መንገድ አይሰጥም። ስለዚህ የአፕ የሲግናል ካርታ የአንድሮይድ ካርታ ነው። ከአይፎን የምላሽ መዘግየትንና ያልተሳኩ ግንኙነቶችን ብቻ ይሰብስቡ፤ ሁለቱን በአንድ ካርታ ላይ አያደባልቁ።

አንድሮይድ ላይ የሴል መረጃ ባዶ ከመጣ በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ፦ የትክክለኛ ሎኬሽን ፈቃድ ተሰጥቷል? (ግምታዊ ሎኬሽን ብቻ ከተፈቀደ የሴል ዝርዝር አይሰጥም።) የስልኩ ሎኬሽን በርቷል? አፕ ተዘግቶ እያለ ለመለካት ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ የጀርባ ሎኬሽን ፈቃድ ለብቻው ያስፈልጋል፤ ተሰጥቷል?

ደረጃ 2፦ የሚመዘገበውን ይወስኑ

በእያንዳንዱ ናሙና ውስጥ የሚከተሉት ይግቡ፦

• የናሙናው ልዩ መለያ ቁጥር (ሲደገም ለመጣል)
• የተለካበት ሰዓት፣ እንዲሁም ስልኩ ከተነሳ ጀምሮ የሚቆጥረው ሰዓት
• የሴል ሙሉ መለያ፣ ፒሲአይ (ስልኩ ሴሉን በሬዲዮ የሚለይበት አጭር ቁጥር)፣ ባንድ
• አርኤስአርፒ (የሲግናል ጥንካሬ)፣ አርኤስአርኪው (የሲግናል ጥራት)፣ ኤስአይኤንአር (ሲግናሉ ከረብሻው የሚበልጥበት መጠን)፣ ታይሚንግ አድቫንስ (ስልኩ ከአንቴናው ያለውን ርቀት የሚጠቁም ቁጥር)
• እስከ 6 የሚደርሱ ጎረቤት ሴሎች ከነ አርኤስአርፒያቸው
• ሎኬሽን፣ የሎኬሽኑ ስህተት በሜትር፣ ፍጥነት
• የስልኩ ሞዴልና የሶፍትዌር ቅጂ
• ዋይፋይ ወይም ቪፒኤን በርቶ እንደሆነ
• ዳታ የሚሄድበት ሲም

የመጨረሻውን አይዝለሉ። ሁለት ሲም ባለው ስልክ አፕ ለድምፅ የተመረጠውን ሲም ሴል አንብቦ ፍጥነቱን ግን በሌላው ሲም ሊለካ ይችላል። ውጤቱ የአንድን ኔትወርክ ሲግናል ከሌላ ኔትወርክ ፍጥነት ጋር ማጣመር ይሆናል፤ ይህ ስህተት ደግሞ በዓይን አይታይም።

ሴልን በፒሲአይ ብቻ አይለዩ። በኤልቲኢ ያሉት 504 ፒሲአዮች ብቻ ስለሆኑ (በ5ጂ 1008) በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ይደጋገማሉ። ባለ 28 ቢቱን የሴል መለያ ይያዙ፤ ለ256 ሲካፈል ሙሉ ቁጥሩ ጣቢያውን፣ ቀሪው በጣቢያው ውስጥ ያለውን ሴል ይነግርዎታል። 5ጂ በ4ጂ ላይ ተደግፎ በሚሠራበት ኔትወርክ የሁለቱን ልኬት በተለያየ መስክ ይመዝግቡ፤ ስልኩ 5ጂ እያሳየ ችግሩ ግን ያለው መልሕቅ በሆነው የ4ጂ ሴል ላይ ሊሆን ይችላል።

ከናሙናው ሌላ "የአገልግሎት መጥፋት" የሚባል የተለየ መዝገብ ይፍጠሩ። በውስጡ የጠፋበት ሰዓት፣ የተመለሰበት ሰዓት፣ ከመጥፋቱ በፊት የነበረው ሴል እና ከተመለሰ በኋላ የተያዘው ሴል ይመዝገቡ። አንድሮይድ የአገልግሎት ሁኔታን በአራት ይለያል፦ አገልግሎት አለ፣ አገልግሎት የለም፣ የአደጋ ጥሪ ብቻ፣ ሬዲዮ ጠፍቷል። አራተኛው ተጠቃሚው የአውሮፕላን ሞድ ሲያበራ የሚመጣ ስለሆነ እንደ ብልሽት አይቁጠሩት። ባትሪ አልቆ የተዘጋ ስልክ ደግሞ ምንም መዝገብ አይተውም፤ ያንን ክፍተት "ያልታወቀ" ይበሉት።

ደረጃ 3፦ የልኬት ጊዜውን ያስተካክሉ

በየሰከንዱ መለካት ባትሪ ይጨርሳል፤ ተጠቃሚውም አፑን ያጠፋል። የሚከተለው በአብዛኛው ይበቃል፦ ስክሪን በርቶ ዳታ ሲንቀሳቀስ በየ10 ሰከንዱ፤ ያለዚያ በየ5 ደቂቃው፤ ሴል ሲቀየር ወይም አገልግሎት ሲጠፋና ሲመለስ ወዲያውኑ።

ስልኩ ሲተኛ ግን "በየ5 ደቂቃው" የሚለው ትእዛዝ አይከበርም። አንድሮይድ በየጊዜው የሚደጋገም የጀርባ ሥራን ከ15 ደቂቃ ባነሰ ልዩነት አይፈቅድም፤ በእንቅልፍ ሁኔታ ደግሞ የበለጠ ያዘገየዋል። ስለዚህ ሌሊት የናሙና ብዛት ሲወርድ ኔትወርክ ተበላሸ ብለው አይደምድሙ።

በተጠቃሚው ዳታ የፍጥነት ሙከራ አያሂዱ። በሰከንድ 50 ሜጋቢት የሚያወርድ የ10 ሰከንድ ሙከራ 62.5 ሜጋባይት ይበላል፤ በተጨናነቀ ሴል ላይ ሸክም ይጨምራል። ተጠቃሚው ራሱ ሲያወርድ የተገኘውን ፍጥነት ይለኩ፤ ሙከራ የግድ ከሆነ ዳታው ከተጠቃሚው ሒሳብ ላይ የማይቀነስ ይሁን። ከጥቂት መቶ ኪሎባይት ያነሰ ማውረድንም እንደ ፍጥነት አይቁጠሩ፤ ቲሲፒ (ዳታ የሚጓጓዝበት ደንብ) ቀስ ብሎ ስለሚጀምር ግንኙነቱ ጉልበቱን ሳያገኝ ፋይሉ ያልቃል።

ደረጃ 4፦ አላላኩንና አቀባበሉን ያዘጋጁ

1. ናሙናዎቹን ስልኩ ላይ አከማችተው፣ ጨምቀው በአንድ ላይ ይላኩ። አንድ ናሙና 200 ባይት ቢሆንና በየ5 ደቂቃው ቢወሰድ በቀን 288 ናሙና፣ 57,600 ባይት ይሆናል። 100,000 ስልክ ካለ በቀን 5.76 ጊጋባይት ይደርሳል። ሰርቨሩን በዚህ ስሌት ያዘጋጁ፤ በየ10 ሰከንዱ የሚለካውን ጊዜ ግን ለብቻው አስበው ይጨምሩበት።

2. የመላኪያ ሰዓቱን ይበትኑ። በየ15 ደቂቃው ከሆነ በእያንዳንዱ ስልክ ላይ ከ0 እስከ 10 ደቂቃ የዘፈቀደ መዘግየት ይጨምሩ።

3. ሳይሳካ ሲቀር በ30 ሰከንድ፣ በ1 ደቂቃ፣ በ2 ደቂቃ እያሉ እስከ 1 ሰዓት እያራዘሙ ይሞክሩ፤ እዚህም ላይ የዘፈቀደ ልዩነት ይግባ። ያለዚያ የወደቀ ሴል ገና ሲነሳ ስልኮቹ የተጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ጭነውበት መልሰው ያጨናንቁታል።

4. የስልኩ ማከማቻ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጣለው መደበኛው ናሙና ይሁን። የአገልግሎት መጥፋት መዝገብ ሳይላክ ፈጽሞ አይጣል።

5. ሰርቨሩ ላይ ሁለት ሰዓት ይመዝግቡ፦ የተለካበትና የደረሰበት። በተለካበት ሰዓት መሠረት በ5 ደቂቃ መስኮት ይከፋፍሉ፤ መስኮቱን ለመዝጋት 25 ደቂቃ ይጠብቁ (የመላኪያው 15 ደቂቃና የዘፈቀደው መዘግየት 10 ደቂቃ ተደምሮ)።

6. ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አይጣሉት። የቅጽበቱን እይታ እንዳለ ትተው ከ24 ሰዓት በኋላ የታረመ ሁለተኛ እይታ ይሥሩ።

በሁለቱ እይታዎች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ትልቅ መለኪያ ነው። በቅጽበት ሲታይ ደህና የነበረ ሴል በታረመው እይታ ከባሰ፣ በዚያ አካባቢ ስልኮች እየተቋረጡ ቆይተው ነው የሚናገሩት። በየዕለቱ ሴሎችን በዚህ ልዩነት ደርድረው ከላይ ያሉትን 20 ይመልከቱ፤ ቅሬታ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች ጋር ሲያስተያዩት ብዙ ነገር ይገለጣል።

የሰዓት ችግር ሲያጋጥም፦ አንዳንድ ስልክ ሰዓቱ የተሳሳተ ስለሚሆን ናሙናው "ከነገ" ይመጣል። ስልኩ ከተነሳ ጀምሮ የሚቆጥረውን ሰዓት ከተላከበት ቅጽበት ጋር አነጻጽረው ትክክለኛውን ጊዜ ያስሉ። በመሃል ስልኩ ጠፍቶ ተነስቶ ከሆነ ይህ ስሌት ስለማይሠራ ናሙናውን ከቅጽበት እይታ ያውጡት።

የማንነት ጥበቃ፦ የስልኩን አይኤምኢአይ (የስልኩ ልዩ መለያ ቁጥር) በሐሽ (ቁጥርን ወደ ሌላ ኮድ በሚለውጥ ስሌት) ቀይሮ ማስቀመጥ በቂ አይደለም። ቁጥሩ 15 አሃዝ ብቻ፣ የመጀመሪያዎቹ 8ም የሞዴሉ መለያ ስለሆኑ ሁሉንም ሞክሮ መልሶ ማግኘት ቀላል ነው። በአፑ ውስጥ የሚፈጠርና በየ30 ቀኑ የሚለወጥ የዘፈቀደ መለያ ይጠቀሙ።

ደረጃ 5፦ መረጃውን ያጽዱ

የሚከተሉትን ሳያመነቱ ይጣሉ፦

• 2147483647 የሚል ዋጋ። አንድሮይድ "ልኬት የለም" የሚለው በዚህ ቁጥር ነው፤ ሳይጣራ ወደ አማካይ ከገባ ሙሉውን ሰንጠረዥ ያበላሻል።
• ከ‑140 እስከ ‑44 ዲቢኤም ውጭ የሆነ የኤልቲኢ አርኤስአርፒ።
• ከተለካ ከ10 ሰከንድ በላይ የቆየ የሴል መረጃ። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ የሴል ዝርዝር ሲጠየቅ የቆየውን ሊመልስ ስለሚችል አፑ አዲስ ልኬት መጠየቅ አለበት።
• የሎኬሽን ስህተቱ ከ50 ሜትር በላይ የሆነ ናሙና። ከካርታው ይውጣ እንጂ ለሴሉ አጠቃላይ ስሌት ያገለግላል።
• ስልኩ ኪሎሜትሮች ተጉዞ ሳለ ቅንጣት ያልተለወጠ የሲግናል ዋጋ።

የስልክ ሞዴሎች አንቴና አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንድ ቦታ ቆመው የብዙ ዲሲቤል ልዩነት ሊያሳዩ ይችላሉ። ቢያንስ 3 ሞዴል በተገኘበት አካባቢ እያንዳንዱ ሞዴል ከአካባቢው መካከለኛ ዋጋ (ልኬቶቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ ከሚውለው) በስንት እንደሚርቅ አስልተው ያርሙ። ይህ ካልተደረገ ርካሽ ስልክ የሚበዛበት ሰፈር ሽፋን የጎደለው መስሎ ይታያል፤ ገንዘብም ወደማያስፈልገው ቦታ ይሄዳል።

ደረጃ 6፦ ያጠቃልሉ

ካርታውን በ100 ሜትር በ100 ሜትር ይክፈሉ። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ስልክ የሰዓት መካከለኛ ዋጋ ይውሰዱ፤ ቀጥሎ በስልኮቹ መካከል ያለውን መካከለኛ ዋጋ ያስሉ። ይህ ቅደም ተከተል ካልተጠበቀ መስኮት ዳር ቻርጅ ላይ የዋለ አንድ ስልክ ሺህ ናሙና ልኮ ሰፈሩን በሙሉ ይወክላል። ከ5 ስልክ በታች ያለበትን ካሬ ባዶ ይተዉት፤ ለግል ምስጢርም ለትክክለኛነትም ይጠቅማል።

ዲቢኤምን እንደ ተራ ቁጥር ደምረው አያካፍሉ። የ‑80 እና የ‑110 ተራ አማካይ ‑95 ነው፤ ወደ ሚሊዋት ተቀይሮ ሲሰላ ግን ወደ ‑83 ይጠጋል። ሁለቱም የተጠቃሚውን ሁኔታ በትክክል አይናገሩም። መካከለኛውን ዋጋና 10ኛውን ፐርሰንታይል ጎን ለጎን ያሳዩ፤ ቅሬታ የሚያነሱት ከታች ያሉት 10 በመቶ ናቸው።

ደረጃ 7፦ ማንቂያውን ይሥሩ

1. ለእያንዳንዱ ሴል ያለፉትን 4 ሳምንታት፣ ተመሳሳይ ቀንና ተመሳሳይ ሰዓት እንደ መነሻ ይያዙ። ሰኞ ጠዋትን ከእሑድ ሌሊት ጋር ማወዳደር የሐሰት ማንቂያ ያበዛል።
2. ማንቂያው የሚጮኸው በ3 ተከታታይ የ5 ደቂቃ መስኮት ሲበላሽ ይሁን። ስልክ በሚያንስበት ሌሊት መስኮቱን ወደ 30 ደቂቃ ያስፉ።
3. ለብቻው የስልክ ብዛት ማንቂያ ይጨምሩ፦ በሴሉ ያሉ ስልኮች ከመነሻው ግማሽ በታች ወርደው በጎረቤት ሴሎች ያሉት ከጨመሩ ይጩህ።

ሦስተኛው "የተኛ ሴል"ን ይይዛል። እንዲህ ያለው ሴል አላርም አያወጣም፣ መብራቱ በርቶ ነው፣ ተጠቃሚ ግን አይቀበልም። ስልኮቹ ራቅ ካለ ጎረቤት ጋር ስለሚጣበቁ የጎረቤቱ ታይሚንግ አድቫንስ ከፍ ይላል። የስልኮቹ ቁጥር ወርዶ የጎረቤቶች ካልጨመረ ግን መጀመሪያ የመቀበያ ሰርቨሩን ይፈትሹ።

ደረጃ 8፦ ምክንያቱን ይለዩ

አርኤስአርፒ ከ‑110 በታች፣ ኤስአይኤንአርም ዝቅተኛ፦ የሽፋን ችግር ነው። ካሬው ሁልጊዜ እንዲህ ከነበረ የዲዛይን ጉዳይ ነው፤ በድንገት ከወረደ አንቴናውን፣ ገመዱንና የጣቢያውን የኃይል መጠን ያስፈትሹ።

አርኤስአርፒ ጥሩ፣ ኤስአይኤንአር ዝቅተኛ፦ ሲግናሎች እየተጠላለፉ ነው። አንድ ካሬ እንውሰድ፦ አርኤስአርፒ ‑82፣ ኤስአይኤንአር 1፣ ከዋናው ሴል በ5 ዲሲቤል ውስጥ ያሉ ጎረቤቶች 3። ቅርቡ ማማ 600 ሜትር ላይ ስለሆነ ታይሚንግ አድቫንስ 7 ወይም 8 መሆን ነበረበት፤ በኤልቲኢ አንዱ እርምጃ 78 ሜትር ገደማ ነውና። ከስልኮቹ ከፊሎቹ ግን 60 ያሳያሉ፤ ይህ 4.7 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ሩቅ ያለ ሴል አልፎ እየመጣ ሰፈሩን ይረብሻል ማለት ነው። ብዙ ስልኮች ታይሚንግ አድቫንስን ስለማይሰጡ የሚሰጡትን ለይተው ይመልከቱ።

አርኤስአርኪውን ብቻ አይተው "ጣልቃ ገብነት ነው" አይበሉ። ጎረቤት በሌለበት እንኳ ሴሉ ባዶ ሲሆን ‑3፣ ሙሉ በሙሉ ሲጫን ደግሞ ‑10.8 ዲሲቤል አካባቢ ይወርዳል። በሰው ብዛት ብቻ የሚወርድ ቁጥር ነው።

ሲግናሉ ሁሉ ጥሩ፣ ፍጥነቱ ደካማ፦ ፒአርቢን ይመልከቱ። በሥራ ሰዓት ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ መጨናነቅ ነው። ፒአርቢ ዝቅ ብሎ ፍጥነቱም ከወረደ የጣቢያውን ሁሉንም ሴክተሮች ያነጻጽሩ፤ አንድ ላይ ከወረዱ ችግሩ የማስተላለፊያ መስመሩ (ባክሆል) ነው።

ብዙ ጣቢያ በአንድ ጊዜ የዘገየ እንደሆነ፦ ሬዲዮውን አይንኩ። የስም ፍለጋ (ዲኤንኤስ) ጊዜንና የግንኙነት መክፈቻ ጊዜን ለያይተው ይመልከቱ፤ የመጀመሪያው ብቻ ከጨመረ ጉዳዩን ለኮር (የኔትወርኩ ማዕከላዊ ክፍል) ቡድን ያስተላልፉ።

ስልኩ ከሴል ወደ ሴል ሲተላለፍ (ሃንድኦቨር) የሚመጣ መቋረጥ፦ ስልኩ ወደ ጎረቤት ከሄደ በኋላ በ5 ሰከንድ ውስጥ ከተመለሰ ሃንድኦቨሩ ችኩል ነው። ተቋርጦ በጎረቤቱ ላይ ዳግም ከተነሳ ዘግይቷል። ጠንካራ ጎረቤት እየታየ ምንም ሙከራ ካልተደረገ ደግሞ የጎረቤት ዝርዝሩ ጎድሎ ወይም ሁለት ጎረቤቶች አንድ ፒሲአይ ይዘው ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 9፦ ያስተካክሉ፣ ያረጋግጡ

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። የነበረውን ዋጋና የመመለሻውን ትእዛዝ አስቀድመው ይጻፉ።

አልፎ የሚሄድን ሴል ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ወደ ታች ያዘንብሉት። ከዚያ በፊት ግን ከሴሉ ጫፍ ያሉ ካሬዎችን ይክፈቱና ሌላ አማራጭ ሴል የሌላቸውን ስልኮች ይቁጠሩ። ያ ሩቅ ሲግናል ለአንድ ሰፈር ረብሻ ሆኖ ለሌላው ብቸኛ አገልግሎት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቆጠራ ሳይደረግ ቲልት መንካት ሰው ከኔትወርክ ውጭ ያስቀራል።

ለችኩል ሃንድኦቨር የኤ3 ልዩነቱን (ስልኩ እንዲተላለፍ ጎረቤቱ ከያዘው ሴል በስንት መብለጥ እንዳለበት የሚወስነውን) ከ2 ወደ 3 ዲሲቤል ያሳድጉ፣ ወይም የመጠበቂያ ጊዜውን ከ160 ወደ 320 ሚሊሰከንድ ይውሰዱ። ሁለቱን አንድ ላይ አይንኩ። ሴሉ ፈጣን መንገድ የሚሸፍን ከሆነ የመጠበቂያ ጊዜ መጨመር መኪና ውስጥ ያለውን ተጠቃሚ ያቋርጠዋልና ፍጥነታቸው ከ60 ኪሎሜትር በሰዓት በላይ የሆኑ ናሙናዎችን ለብቻ ይከታተሉ።

ከለውጡ በፊት ያሉትን 7 ቀናት ከኋላው 7 ቀናት ጋር፣ በታረመው እይታ ያነጻጽሩ። ያልተነኩ ተመሳሳይ ሴሎችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ እነሱም በዚያው መጠን ከተሻሻሉ ለውጡ የእርስዎ ሥራ ውጤት አይደለም። ጎረቤት ሴሎችንም ይጨምሩ።

የሲግናሉ መካከለኛ ዋጋ ተሻሽሎ የአገልግሎት መጥፋት መዝገቦች ከበዙ ለውጡን ወዲያው ይመልሱ፦ ደካማ ሲግናል የነበራቸው ስልኮች ከነጭራሹ ስለወጡ ነው መካከለኛ ዋጋው ያማረው። ከተመለሰ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ መዝገቦቹ ወደ ቀድሞ ቁጥራቸው ካልወረዱ በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ተነክቷል፤ የለውጥ መዝገቡን ይክፈቱና በ3 ኪሎሜትር ዙሪያ ያሉ ጣቢያዎችን አንድ በአንድ ይፈትሹ።